ወይኖ ወደ ጣሊያን ገበያ የወረደበት ጥቅምት

ከጅጋ እስከ ቡሬ እኔን የማያውቅ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ከሆነ ይገባኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። ሰው ሲያነብ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው የለየሁት፤ ከዚያ ወዲያ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ብቻዬን ዘለቅሁት። የጅጋ ወፍጮ ቀጥ ሲል መልእክተኛ የሚላከው እኔ ዘንድ ነው። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስጠግቼ የት ላይ እንደታመመ እነግራቸዋለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅ። ወሰን የተጋፉ፣ ከሚስት የተጣሉ፣ ደም የተቃቡ ሰዎች እኔ ካልተቀመጥኩበት እርቃቸው አይጸናም። ገበዝ ማርያም ድረስ በቅሎ ተልኮልኝ ሄጄ አስታርቄያለሁ። ሊበን ላይ አንድ ነጋዴ «ለመሆኑ እርስዎ የት ነው የተማሩ?» ቢለኝ «እኔው ዘንድ» አልኩት።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ የሚከተለው የተራ ሰው ወሬ እንዳይመስል ነው። ስለ ልጅነቴ ነው የምጽፈው፤ ልጅነቴም ተራ አልነበረም።

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ወርጄ ነበር። ላህ ወንዝ ዳር ነጋዴዎች ድልብ በሬዎቻቸውን መኪና ላይ ከመጫናቸው በፊት ያጥባሉ። አንድ ጎረምሳ የበሬውን ጎን በጭድ እየፈተገ ውሃ ሲደፋበት ሽታው መጣብኝ። የታጠበ በሬ ሽታን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እርጥብ ጠጉር፣ እበት፣ የተረገጠ ሣር፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ወተት ወተት የሚል ሙቀት አለው። ባለሁበት ቆምኩ። ከኋላዬ መኪና ጡሩምባ ቢነፋ አልሰማሁትም። ወይኖ ነበር የሸተተኝ።

ወይኖ በሬያችን ነው። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም የሚባል ስም አልወጣም፤ ከተማይቱ ወጀት ነበረች፤ ቤታችንም ከወጀት ወጣ ብሎ ነበር። አገሩን ጣሊያን ይዞታል። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ ወዲህ በየዓመቱ በጥቅምት ትልቅ ገበያ ይጠራል። ገበያ እንበለው እንጂ ነገሩ መሸጥ መግዛት አልነበረም፤ ማሳየት ነበር። የየአጥቢያው ሰው ያማረ በሬውን፣ የሰባ በጉን፣ የፈካ እህሉን ይዞ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሹማምንቱ እየዞሩ አይተው የበለጠውን ይሸልማሉ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ያማረ ነገር አይታይም። የታለበ ወተት ከበረት የሚወጣው ተሸፍኖ ነው። መልኩ ያማረ ሕፃን ግንባሩን ጥላሸት ይቀባል። ጥሩ በሬ ያለው ሰው «በሬህ እንዴት ነው?» ሲሉት «ኧረ ተወኝ፣ እግሩን ይዞታል» ይላል። ዓይን የወደደውን ይበላል። እንግዲህ አንድ መንግሥት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ያላችሁን መልካም ነገር ሁሉ ሜዳ ላይ አውጡና ሰው ሁሉ ይየው ይለናል!

በፊት በነበሩት ዓመታት ከአጥቢያችን የሄደ አልነበረም። ግማሹ ታሞ፣ ግማሹ ሐዘን ተቀምጦ እየተባለ ታልፏል። በዚያ ዓመት ግን ታላቅ ወንድሜ አድማሱ ቡሬ ታስሮ ነበር። ጫካ ለገቡት አርበኞች በሶ ሲያደርስ ነው የያዙት። እናቴ ክረምቱን በሙሉ ስንቅ ተሸክማ ብትመላለስ አንድም ቀን ፊቱን አላሳዩዋትም። ከእስረኞች መካከል በተስቦ የሞቱ እንዳሉ ይወራ ነበር፤ የሞተውን ስም ግን የሚናገር አልነበረም።

ጭቃ ሹማችን ዓለሙ፣ አለቆቹንም እኛንም እኩል የሚፈራ ሰው፣ አንድ ማታ መጥቶ ከበራችን ሳያልፍ ተናገረ።

«አባባ ፈንቴ፣ እኔ አፍ ብቻ ነኝ። ዘንድሮ ከዚህ አጥቢያ በሬ ካልወረደ ጥያቄው እኔ ላይ ነው። ደግሞ ተነግሯል፤ በሬው ያማረለት ሰው፣ አቤቱታ ካለው ይሰማለታል።»

አባባ ፈንቴ የአባቴ አባት ናቸው። «ይሰማለታል እንጂ ይፈጸምለታል አላልክም» አሉት።

«ይፈጸምለታል የሚል ቃል አልተሰጠኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ደህና እደር።»

ጭቃ ሹሙ ሄደ፤ ጠቡ ግን እቤት ቀረ። እራት ቀርቦ የሚጎርስ ጠፋ።

«ጠላት ጠርቶህ ከሄድክ፣ ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቅልህ የለም። ሄደ ነው የሚባል» አሉ አያቴ። «ጫካ ያሉትም ልከዋል። እዚያ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከባንዳ ይቆጠራል ብለዋል። ስማችን ነው የሚጠፋ።»

«አባቴ፣ እኔ ስም አላረገዝኩም» አለች እናቴ። «አድማሱን ነው ያረገዝኩ።»

«ልጁስ በምን ተያዘና? እነሱን ሲያበላ አይደል? እሱ የታሰረበትን ነገር አንቺ ሄደሽ ልታፈርሺው ነው?»

«እሱ በሶውን አድርሷል። የታዘዘውን ጨርሷል። አሁን ወደኔ ይምጣ።»

አባቴ እሳቱ ዳር የቀንበር ማነቆ ይጠርባል። እናቴ ወደሱ ዞረች። «አንቱስ ምን ይላሉ? ልጁ የኔ ብቻ ነው?»

አባቴ እንጨቱን አገላብጦ አየው። «ወይኖን እዚያ ካስቀሩት በምን አርሳለሁ? አድማሱ ቢመጣስ ምን ይበላል?»

እኔ መደቡ ላይ ተኝቼ እሰማለሁ። ያኔም ዳኝነት ነበረብኝ፤ ሦስቱም ልክ እንደሆኑ ከነሱ በፊት ያወቅሁ እኔ ነኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ወይኖ የኔ ሥራ ነበር። ሣር ከየድንበሩ የማጭድለት፣ አተላ የማጠጣው፣ ጨው በመዳፌ የማስልሰው እኔ ነኝ። መልኩ ስሙን ነው፤ እንደ ወይን የጠቆረ ቀይ። ጠጉሩ ላይ ዝንብ ቢያርፍ ይንሸራተት ነበር። ይህን በሬ ማንም አላየልኝም፤ ያየ ቢኖርም አላየሁም ብሎ ነው የሚያልፍ። ስለዚህ ቡሬ መሄዱን በልቤ ፈለግሁት። ልክ ነበርኩ አልልም፤ ልጅ ነበርኩ።

በማግሥቱ የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ተጠሩ። ጠላቸውን ጠጡ፣ ሁለቱንም ወገን ሰሙ፣ እንደገና ጠጡ።

«እኔ ሂዱም አልል፣ ቅሩም አልል» አሉ። «ሄዳችሁ ኃጢአት ቢሆን ንስሐ አለ። ቀርታችሁ ልጁ ቢሞት ፍታት አለ። ሁለቱም የኔ ሥራ ነው። ለኔ ግን ንስሐው ይቀለኛል።»

«ይሄማ ሂዱ ማለት ነው!» አሉ አያቴ።

«ከአፌ አልወጣም» አሉ አባ ወልዴ፣ ጢማቸውን እየጠረጉ።

አባቴ መላ አገኘ። ወይኖ ይሄዳል፤ ጭቃ ሹሙ ስለሚያውቀው ሌላ በሬ መውሰድ አይቻልም። ግን አመድና እበት ተለቅልቆ ነው የሚሄደው። መልኩ ስለከፋ አይወስዱትም፤ እናቴም ሜዳው ላይ ከተገኘች አቤት ማለት ትችላለች። በሬውም ይተርፋል፣ አቤቱታውም ይደርሳል። አያቴ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ዱላቸውን ያዙ።

«ስትመለሱ እኔን እዚህ ቤት አታገኙኝም» አሉ።

በሬውን ያለቀለቅሁት እኔ ነኝ፤ ወይኖ የለመደው የኔን እጅ ነበር። አመዱን ጎኑ ላይ ስፈትግ አንገቱን አዙሮ ያየኛል። እያለቀስኩ ፈተግሁት።

መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድረን፣ ጠዋት ቡሬ ሳንገባ ካለች ጅረት ደረስን። አባቴ «ቤተ ክርስቲያኗን ተሳልሜ ልምጣ» ብሎ ወደ ዛፎቹ ወጣ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወይኖን ስታየው ቆየች። እበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከአመዱ መካከል ዓይኖቹ ብቻ ያበራሉ።

«በሬው ያማረለት ሰው ነው ያለው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ። ጭቃ ሹሙ እንዲያ ነው ያለ።»

«ይሄ አምሯል?»

«አላማረም።»

«እንግዲያ እጠበው።»

«እናቴ፣ አባቴስ?»

«አባትህ ሲመለስ የታጠበ በሬ ያገኛል።»

ጅረቱ ውስጥ አስገባሁት። ውሃው በመጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ በኋላ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። በሣር ፈተግሁት። እናቴ ለራስ ጠጉሯ የያዘችውን ቅቤ ከእቅፏ አውጥታ ቀንዶቹን ቀባቻቸው፤ የተረፈውን በጀርባው ላይ በመዳፏ አስኬደችው። ያን ሽታ ነው ላህ ዳር ያገኘሁት።

አባቴ ተመልሶ አየው። እናቴን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወይኖን ከጫንቃው እስከ ወገቡ አለበሰው።

«ብርድ ይመታዋል» አለ።

ቡሬ ሜዳ ባንዲራ ተተክሎ፣ ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀብቶ፣ ከአንድ ሣጥን ውስጥ የማይታይ ሰው ይዘፍናል። በሰልፍ የቆሙትን በሬዎች ሳይ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በጎጃም ያለ ክፉ በሬ ሁሉ ስሙ እየተጠራ የመጣ ይመስላል! የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቀንዱ የተሰበረ፣ ባለቤቱ በትከሻው ደግፎ ያቆመው። መለስተኞቹ ደግሞ እንደኛው አመድ ተለቅልቀዋል። የአንዱ አጥቢያ ሰው ከሌላው ጋር ሳይመካከር፣ ሁሉም እንደ አባቴ አስቦ ደህናውን እቤት ትቶ ወይም ሸፋፍኖ መጥቷል።

እኛ ጋቢ የለበሰ በሬ ይዘን ስንገባ ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

«ወንድሜ፣ በሬህ ሊቆርብ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«የለም፣ ሊያገባ ነው» አለ ሌላው፣ እኔን በአገጩ እያመለከተ። «ሚዜውን አታይም?»

አባቴ ራሱን አቀርቅሮ አለፈ። እኔ ግን አላቀረቀርኩም።

የከብቶቹ ሐኪም መነጽር ያደረገ ቀይ ጣሊያን ነበር። መነጽር አይቼ አላውቅም። ዓይን ብቻውን በሬ የሚበላ ከሆነ፣ መስታወት የተጨመረበት ዓይን አገር ይጨርሳል ብዬ ከወይኖ ፊት ተገተርኩ። ሐኪሙ በሰልፉ መካከል ሲመጣ ፊቱ እየከፋ ነው። አስተርጓሚው፣ ድምፁ የለሰለሰ ጎልማሳ፣ «በዚህ አገር ሣር አይበቅልም ወይ ይላሉ» አለ።

«ዝናቡ እምቢ ብሎን ነው፣ ጌታዬ» አሉ ሰዎቹ፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ነበር።

ከኛ ፊት ሲደርስ ሐኪሙ ጋቢውን ይነሣ ብሎ ጠቆመ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም።

«ጋቢውን ያንሡልን ነው የሚሉ» አለ አስተርጓሚው ቀስ ብሎ።

አባቴ ጋቢውን ገፈፈው። ፀሐይ የወይኖ ጀርባ ላይ አረፈች። የሚስቅ ጠፋ። ቀጥሎ ከዚህም ከዚያም፣ ከፊትም ከኋላም፣ «እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!» የሚል ድምፅ ሆነ። ሜዳው ላይ ያለ ገበሬ ሁሉ፣ ዓይኑ በሬውን እንዳይጎዳው፣ ምራቁን ይተፋልን ጀመር።

ሐኪሙ ቀላ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አነሡ። እሱ ላይ የተተፋ መስሎታል!

አስተርጓሚው በሁለት እጁ እያረገበ ቶሎ ቶሎ ተናገረ፤ ወዲያው ወደኛ ዞሮ «ወደዱት ማለት ነው ብያለሁ፤ እናንተም ሳቅ በሉ እንጂ!» አለ። ሳቅን። ያ ሁሉ ሰው በፍርሃት ሲስቅ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ሐኪሙ ግን አልተሞኘም። ወደ ጎረቤታችን በሬ ሄዶ በጣቱ ጎኑን ፈተገና አመዱን ለአስተርጓሚው አሳየው።

አስተርጓሚው ዓይኑን አላሸም። ተናግሮ ሲጨርስ «ለመዥገር ነው ብያለሁ» አለን። «ማንም ቢጠይቃችሁ ለመዥገር ነው።»

«ለመዥገር ነው!» አለ ሜዳው በሙሉ። ያን ሰው እግዜር ነፍሱን ይማረው፤ እንጀራው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልቡ ግን እኛ ዘንድ ነበር።

በዚህ መካከል እናቴ ከሐኪሙ እግር ሥር ተደፍታለች። «ልጄን» ትላለች። «ልጄን ስጡኝ። አድማሱ ይባላል። እዚያ ምሽግ ውስጥ ነው። በሬውን ውሰዱትና ልጄን ስጡኝ!»

በሬውን ማንም አልጠየቃትም ነበር። አስተርጓሚው ይህን ከመተርጎሙ በፊት አባቴን አየው። አባቴ ወይኖን ጥቂት ተመለከተ። ከዚያ ገመዱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ዘረጋለት።

«እንዳለችው ይበሉልን» አለ።

ሐኪሙ ከትልቁ ሹም ጋር ተነጋገረ፤ ትልቁ ሹም ራሱን ነቀነቀ። ወይኖ ቀንዱ ላይ የሽልማት ቢጫ ነሐስ ተንጠልጥሎለት በሁለት ወታደር ታጅቦ ሄደ። «የት ይወስዱታል?» ብል እናቴ «ሮም» አለችኝ። በሬያችን ተሾመ ማለት ነው ብዬ ገመትኩ፤ ለብዙ ጊዜም ወይኖ ሮም ላይ የአንድ አውራጃ ገዥ ሆኖ ጨው በብር ሳሕን ሲቀርብለት ይታየኝ ነበር። የሄደው ወደ ሹማምንቱ ድስት እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ ነው።

በማግሥቱ አድማሱን አወጡልን። አላወቅሁትም። ትናንት ሜዳ ላይ ከቆሙት በሬዎች ጋር ቢሰለፍ ማንም አይለየውም ነበር። እናቴ ፊቱን በእጇ ዳበሰችው፤ ከዚያ ራሱን፣ ከዚያ ጆሮዎቹን፣ ምንም እንዳልጎደለ የምታረጋግጥ ይመስል።

ቤት ስንደርስ አያቴ የሉም። ዱላቸውም የለም። እናቴ ጠላ ጠምቃ ብትጠብቅ «እንኳን ለቤቱ አበቃው» የሚል አንድ ሰው ከደጃችን አልመጣም። ጭቃ ሹም ዓለሙ እንኳ አጥር ለአጥር ዞሮ ይሄዳል። አባቴ አንድ በሬ ቀርቶታል፤ እንደ አገሩ ልማድ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ እንዳይቀናጅ፣ ከባንዳ ጋር በሬውን የሚጠምድ ማን አለ? አድማሱ ይህን ሲያይ «ምነው ባልወጣሁ» አለ። እናቴ በጥፊ መታችው፤ መልሳ ታቀፈችው። አያቴ ረግመውን የጠፉ መስሎኝ ነበር፤ ከባንዳ ቤት የጠፋ ሽማግሌ ሌላ ምን ያደርጋል ብዬ።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ቅጥሩ ውስጥ እንደቆመ፣ ጎፈሬው ትከሻው የደረሰ ጠመንጃ ያዥ ከበሩ ገባ። ከጫካ እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም። በቀጥታ ወደ እናቴ መጣ። አባቴ ከፊቷ ሊቆም አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የእናቴን ጉልበት ሳመ።

«እናቴ፣ የልጅዎን በሶ በልተናል» አለ፤ ቅጥሩ ሁሉ እንዲሰማ ነው የተናገረው። «እንኳን ተመለሰልዎ። ልጅ ያወጣችን እናት ባንዳ የሚል ካለ ለኛ ይንገረን።»

ከኋላው አያቴ ቆመዋል፤ አቧራው ጉልበታቸው ድረስ ነው። ቆላ ለቆላ ተጉዘው ጫካ ያሉትን ፈልገው አግኝተው፣ ስለ እናቴ ሲማጠኑ ሰንብተዋል ለካ።

«አባቴ፣ አትሂዱ ብለውን አልነበረም?» አለች እናቴ።

«ዛሬም አትሂዱ እላለሁ» አሉ። «የሄደችው ግን ምራቴ ናት።»

ያን ቀን ጠላው አልበቃም። ከእንግዶቹ አንዱ ከመቀመጡ በፊት በሬውን ከኛ በሬ ጋር ለማቀናጀት ለአባቴ ቃል ሰጠው።

እንግዲህ በዚያ ጥቅምት እኔ ያደረግሁትን ልናገር፤ ሌላው ያደረገውን ሌላው ይናገር። ቡሬ ሜዳን በአንድ አፍ እንትፍ ያሰኘውን በሬ ቀልቤ ያሳደግሁ፣ አጥቤም ያቀረብኩ እኔ ነኝ። መነጽር ካደረገ ዓይን ፊት ሳልሸሽ ቆሜያለሁ። «ለመዥገር ነው» ከሚለው ድምፅ ውስጥ ከፍ ያለው የኔ ነበር። አድማሱን ከቡሬ እስከ ቤት እጁን ይዤ አምጥቻለሁ፤ ሲደክመው እንዳያፍር «እኔ ደከመኝ» እያልኩ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ የባዶውን ጉሮኖ ደጅ ይዛ ስትቆም፣ ስለ ወይኖ ሹመት እያወራሁ አስቄያታለሁ። አያቴ ደግሞ ከመድኃኔ ዓለም በተመለሱበት ዕለት፣ ከጎተራው ጀርባ አድማሱን አቅፈው ሲንሰቀሰቁ ደረስኩባቸው፤ ቀና ብለው «እብቅ ዓይኔ ገብቶ ነው» አሉኝ። እህሉ ገና አልታጨደም ነበር። «አዎ አባባ፣ ነፋስ ነው» አልኳቸው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ሳልናገር ኖሬያለሁ፤ እኔን የሚያህል ወሬ ወዳድ።